ከአብነት በታች የቆፈርነው መንገድ

ብስክሌት ማከራየት ከሥራ እንደማይቆጠር አውቃለሁ፤ ልታስረዱኝ አትድከሙ። አማቴ እንኳ ሰው «ልጅዎን ያገባው ሰውዬ ምን ይሠራል?» ሲላቸው ጉሮሯቸውን ጠርገው «ትራንስፖርት ላይ ነው» ብለው ወሬ ይለውጡ ነበር። ያም ሆኖ በደርግ ጊዜ፣ ራጉኤል ጀርባ፣ ከአንድ ግንብ ሥር ብስክሌቶቼን ደርድሬ እውል ነበር። ብስክሌት ያልኳቸው ለወግ ያህል ነው። የአንዱ ቸርኬ ከምናለሽ ተራ ተለቅሞ፣ የሌላው መሪ ጡረታ ከወጣ ፖስተኛ ተገዝቶ የመጣ ነው። ኮርቻዎቹ ከየት እንደመጡ ግን ባለቤታቸው መጥቶ እስካልጠየቀ ድረስ እኔም አልናገርም። ሁሉም ሲነዱ ይንቋቋሉ፤ ስለዚህ ለአንዱም ደወል መግጠም አላስፈለገኝም።

እኔ ራሴ ነጂ የምባል ሰው አይደለሁም። ግራ እግሬ ከልጅነቴ ጀምሮ ከቀኙ ያጥራል፤ ፔዳል ስመታ ያየኝ ሰው ይሄ ሰውዬ ከብስክሌቱ ጋር ተጣላ እንዴ ይላል። ለውትድርናም ሆነ ለሠርግ ጭፈራ የሚፈልገኝ አልነበረም። ግን በአገራችን አንድን ነገር የማያውቅ ሰው ያንኑ ነገር ለማስተማር የሚደፍረውን ያህል የሚያውቀው አይደፍርም። እኔም እንደ ወጉ አሠልጣኝ ሆንኩ።

ነገሩ የጀመረው በሸክላ ነው። መርካቶ ውስጥ ብስክሌት መንዳት ምን እንደሆነ ለማያውቅ ልንገር። ፊት ለፊትህ ፍራሽ የተሸከመ ኩሊ ይመጣል፤ የሚታይህ ፍራሹ እንጂ ሰውየው አይደለም። በቀኝህ በርበሬ የጫነች አህያ አለች። በግራህ የጭነት መኪና ወደ ኋላ እየመጣ ነው። ከኋላህ «ዞር በል!» እያለ የሚጮህ አለ፤ ዞር የሚባልበት ቦታ ግን የለም። አንድ ቀን አንዱ ደንበኛዬ፣ ገና ፔዳል የለመደ ልጅ፣ ከፍራሽ ሸሽቶ ገንቦና ድስት የተደረደረበት መሀል ገባ። ልጁ በደህና ወጣ። ከገንቦዎቹ ግን በደህና የወጣ አልነበረም። ሻጯ ሴትዮ አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም፤ ስባሪውን በነጠላዋ ቋጥራ በቀጥታ ወደ ቀበሌ ሄደች።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ካኪያቸውን የማያወልቁ፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉ ሰው ነበሩ። በዚያ ዘመን የሚጮህ ባለሥልጣን ብዙም አያስፈራም ነበር። ዝቅ አድርጎ የሚናገረውን ነበር መፍራት።

«ጓድ፣ ብስክሌቶችህን ከገበያው ክልል አስወጣ» አሉኝ።

«የት ልውሰዳቸው ጓድ ሊቀመንበር?»

«አገሩ ሰፊ ነው።»

አገሩ ሰፊ መሆኑን እኔም ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ። በሰፊው አገር ግን ለእኔ የተገኘልኝ ከአብነት በታች ወደ ወንዙ የሚያዘቀዝቀው ገደላገደል ብቻ ነበር። ባሕር ዛፍ አለበት፤ ሳማ አለበት፤ ሰፈሩ የማይፈልገውን ሁሉ የሚደፋው እዚያ ነው። እኔንም ጨምሮ ማለት ነው። ሊቀመንበሩ «የወጣቶች ልማት» የሚል ስም አወጡለት፤ ልማት ከተባለ ደግሞ ዶማና አካፋ ከቀበሌ መጋዘን ይወጣል። እሁድ እሁድ የሰፈሩ ጎረምሶች እየመጡ ይቆፍራሉ፣ እኔ በጣቴ አሳያለሁ። አንድ ሰው ቆሞ በጣቱ ካላሳየ ልማት ልማት አይመስልም።

የመጀመሪያው መንገዴ ቀጥ ያለ ነበር። ቁልቁለት ከሆነ ይውረድ እንጂ ምን ያጠማዝዘዋል ብዬ ነው። የመረቅሁትም እኔው ነኝ። ከላይ ተነሥቼ ታች እስክደርስ ያሰብኩት ነገር ቢኖር እናቴን ብቻ ነበር፤ ፍሬኑን እንኳ አላሰብኩትም። ወንዙ ውስጥ ገባሁ። ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ነበሩና አንዷ በጣም ተጨንቃ ቀና አለችና «ሳሙና ላቀብልህ?» አለችኝ።

እዚያው ተቀምጬ ልብሴ እስኪደርቅ ስጠብቅ ጭነት የያዙ አህዮች ሲወርዱ አየሁ። አህያ ቀጥ ብላ አትወርድም። ወደ ቀኝ ትሄዳለች፣ ትታጠፋለች፣ ወደ ግራ ትሄዳለች። አስተማሪዬ ማን እንደሆነች ለማንም ሳልናገር በማግስቱ «መንገዱ በሳይንሳዊ ዘዴ ይጠማዘዛል» ብዬ አወጅሁ። መታጠፊያዎቹን በውጭ በኩል በድንጋይና በአፈር ከፍ አደረግናቸው፤ ጎማው እንዲደገፍ። የዝናቡን ውኃ ወደ ጎን የሚያወጣ ቦይ አበጀን። ከመታጠፊያዎቹ ሁሉ የከፋው ሁለተኛው ነበር፤ ከሥሩ ወገብ የሚደርስ ሳማ አለ። እዚያ ዘግይቶ ፍሬን የያዘ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ሲያክ ያድራል። እኔ እዚያ ሳማ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደገባሁ ባለቤቴ ታውቃለች፤ ቅቤ የቀባችኝ እሷ ናት። ነገር ግን ከመውደቅ ብዛት ትምህርቱ ገባኝ። ፍሬን የሚያዘው ከመታጠፊያው በፊት ነው፤ ዓይን የሚያየው ደግሞ መውጫውን እንጂ ሳማውን አይደለም። ሰው ያየበት ነው የሚሄደው። ይህን ለልጆቹ ነገርኳቸው፤ እነሱም እኔ ሳልችለው ቻሉት።

ከሁሉም የሚችለው ሰይድ ነበር፤ ጺሙ ገና ብቅ ብቅ ያለ ቀጭን ልጅ፤ የእትዬ ዘይነባ ልጅ። እትዬ ዘይነባ ከወሎ መጥተው ቅመም በመሸጥ ልጆቻቸውን ያሳደጉ ባልቴት ናቸው። ትልቁ ልጃቸው ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ከተወሰደ ወዲህ ድምፁ አልተሰማም። የቀራቸው ሰይድ ነው። አንድ ቀን ግንቤ ሥር መጥተው ሲቆሙ ልሰደብ ነው ብዬ አንገቴን ቀበርኩ።

«አንተ ነህ ልጄን ገደል የምትነዳው?»

«ገደል አይደለም እትዬ፤ ቁልቁለት ነው። ይምጡና ይዩት።»

«ወላሂ አላይም! ባየሁት እንቅልፍ አይወስደኝም።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አንዱን ወስደውብኛል። ይሄ ሲቀርብኝ ቤቴ ተዘጋ ማለት ነው። ሰማህ ልጄ? ቤቴ ተዘጋ።»

ሰምቻለሁ አልኳቸው። በጊዜው የሰማሁ መስሎኝ ነበር።

ብሔራዊ ውትድርና የመጣ ሰሞን ነው ይህ። ጎረምሳ ያላት እናት ሁሉ ምሽት ላይ በር የሚንኳኳ ይመስላታል። እንደዚህ ባለ ጊዜ ነበር ሊቀመንበራችን ቁልቁለቱን ሊጎበኙ የመጡት። ሰይድ ከላይ ተነሥቶ መታጠፊያዎቹን አንድ በአንድ ሲበላቸው አዩ። ጫማቸውን ከጭቃው ከፍ አድርገው «ስፖርተኛ ወጣት የአብዮቱ ሀብት ነው፤ እንደ ዓይናችን ብሌን እንጠብቀዋለን» አሉ። እኔ አጨበጨብኩ። ሌላው ቀርቶ አንድ ሽማግሌ አህያ ነጂም አጨበጨበ።

ይህች ንግግር ራጉኤል ደጃፍ ስትደርስ «ስፖርተኛ አይወሰድም» ሆናለች። በርበሬ ተራ ስትደርስ ደግሞ «ብስክሌት የሚነዳ አይወሰድም፤ ወረቀት ወጥቷል» ሆነች።

እኔ በበኩሌ «እንዲህ ያለ ነገር የለም» ብያለሁ። ለጠየቀኝ ሁሉ ብያለሁ። ጮክ ብዬ ብያለሁ። ችግሩ ግን በዚያ ዘመን የለም የተባለ ነገር ሁሉ የሆነ ቦታ መኖሩ ነበር። ኅብረት ሱቅ ሄደህ ስኳር ስትጠይቅ ባለሱቁ የለም ይልሃል። የራሱ ሰው መሆንህን የሚያውቅ ከሆነ ደግሞ የለም ብሎህ ዓይኑን ወደ ጓሮ ይጥላል። ጎማ የለም፣ ጨርቅ የለም፣ ስሚንቶ የለም፤ ሁሉም ግን ማታ በአንሶላ ተሸፍኖ ሲያልፍ ታየዋለህ። መርካቶ የኖረ ሰው አዎ አለ ሲሉት ይጠራጠራል እንጂ የለም ሲሉት ተስፋ አይቆርጥም። እናቶቹም እኔ በጮህኩ ቁጥር እርስ በርስ እየተያዩ «አደገኛ ነው፤ አፉን ጠበቅ አድርጓል» ይባባሉ ጀመር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ስናገር አሁንም ያሳፍረኛል። ግንቤ ሥር ሰልፍ ሆነ። በሕይወቱ ብስክሌት ላይ ወጥቶ የማያውቅ ጎረምሳ በእናቱ እየተገፋ ይመጣል። መነጽር የሚያደርግ መጣ። ጋቢ የለበሰ መጣ። አናቱ መመለጥ የጀመረ አንድ ሰውዬ ሚስቱ «ወጣት ነው፤ ጸጉሩ በሐሳብ ነው» ብላ አምጥታው ነበር። እንቁላል ይመጣል፣ ቅቤ ይመጣል፣ ዳቦ ይመጣል። የለም ብዬ ስመልሰው አነሰው ብለው እጥፍ አድርገው ያመጡታል። ከትንሽ ጊዜ በኋላ መመለስ ተውኩ፤ ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባል የለ? ደግሞም ያልተሾመ ሰው ሲበላ እንዴት እንደሚጣፍጥ አትጠይቁኝ።

ከመጡት ሁሉ ያደከመኝ ጀማል ነው። የጋሼ ሸምሱ ልጅ ነው፤ ጋሼ ሸምሱ ደግሞ ከጉራጌ አገር መጥተው በጅምላ ንግድ የከበሩ፣ ልጃቸውን በሙክት ሾርባ ያሳደጉ ሰው ናቸው። ጀማል ሲቀመጥበት የኋላው ጎማ «እፍ» ይላል። ሰነፍ አይደለም፤ ደግ ልጅ ነው፤ ብቻ ሳማው መታጠፊያ ላይ ሲደርስ ሳማውን ያያል። «ወደ መውጫው እይ!» እለዋለሁ። «እሺ ጋሼ» ይልና ሳማውን እያየ ይገባል። ጋሼ ሸምሱ ማታ እየመጡ «አለፈ ወይ ልጄ?» ይሉኛል፤ የፈተና ውጤት የሚጠይቁ ይመስል።

እውነቱን ለመናገር ከጊዜ በኋላ እኔም ልቤ መንታ ሆነ። ይህን ያህል ሰው የሚያምነው ነገር ሙሉ በሙሉ ባዶ ሊሆን ይችላል? አንድ ቀን ሊቀመንበሩ ቢሮ ገባሁና እየተርበተበትኩ ጠየቅሁ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ሰዉ ስፖርተኛ አይወሰድም ይላል። እውነት እንዲህ የሚል ነገር አለ?»

ፈገግ አሉ። «የለም» አሉ፤ በዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ፈገግታውን ይዤ ወጣሁ። መንገዱን ሙሉ «የለም አሉ፣ ግን ፈገግ አሉ» እያልኩ አወጣሁ አወረድሁት። ለካ እኔም የዚያው ገበያ ሰው ነኝ! እትዬ ዘይነባ ዘንድ ሄጄ ምንም አላልኳቸውም፤ ዝም ብዬ ብቻ ቆምኩ። እሳቸው ፊቴን አይተው እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉና «አልሐምዱሊላህ» አሉ።

ከዚያ ሊቀመንበሩ አስጠሩኝ። የፊታችን እሁድ ትርዒት ይኑር አሉ። ከቀበሌ በላይ ካለው ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት እንግዶች ይመጣሉ። ቀበሌው ውስጥ ያለ ብስክሌት ነጂ ወጣት ሁሉ ይገኝ፣ አንድም አይቅር። ወላጆች ግን ባይመጡ ጥሩ ነው፤ ልጆቹ ይረበሻሉ። «አንተ ከላይ ሆነህ በየተራ ልቀቃቸው» አሉኝ፤ «እኛ ከታች፣ ከወንዙ ዳር መንገድ ላይ ሆነን እንቀበላቸዋለን።»

እኔ ምን አደረግሁ? ካቴናውን ሁሉ ግራሶ ቀባሁ። ፍሬን አጠበቅሁ። ከማውቀው ከሌላ አከራይ ተጨማሪ ብስክሌቶች ለመንኩ። ልጆቹን ሰብስቤ «እንግዶቹ ፊት እንዳታዋርዱኝ» አልኳቸው።

እሁድ ጠዋት ሁሉም ታጥበው፣ ተበጥረው መጡ። የተመለጠውም ሰውዬ ኮፍያ አድርጎ መጣ። ከላይ ሆኜ ስመለከት ሦስተኛው መታጠፊያ ድረስ ይታየኛል፤ ከዚያ በታች ባሕር ዛፉ ይጋርደዋል። አንዱ ሲወርድ እዚያ እስኪሰወር እጠብቅና ቀጣዩን «ሂድ!» እላለሁ። በመካከሉ መራራቅ አለበት፤ እንዳይጋጩ። ለደኅንነታቸው ነው። ከታች የመኪና ሞተር ሳይጠፋ ይሰማኛል፤ የእንግዶቹ መኪና ነው አልኩ። ጭብጨባም የሚመስል ነገር ይሰማል። በኋላ ስወርድ እንዳየሁት የጭነት መኪናው ሸራ በነፋስ ሲመታ ኖሯል።

በዚያ ቀን እንደነዱት ነድተው አያውቁም። ጋቢ ለባሹ እንኳ ጋቢውን ወገቡ ላይ አስሮ መታጠፊያውን በአግባቡ አለፈ። መነጽራሙ አለፈ። ለእያንዳንዳቸው ከላይ ሆኜ «ጎበዝ! ጎበዝ!» እያልኩ ጮኽኩ። ጀማል ተራው ደርሶ ሲወርድ ብቻ ሳማው ውስጥ ገባ። አልቆጠርኩትም፤ ልማዱ ነው። ሰይድን ለመጨረሻ አስቀርቼው ነበር። እንግዳ ሲመጣ ጥሩው ነገር መጨረሻ ላይ ይቀርባል።

«ሂድ ሰይዶ» አልኩት።

ሄደ። አቧራው እንኳ ብዙ አልተነሣም።

እሱ ከባሕር ዛፉ ጀርባ ሲሰወር ጀማል ሳማውን እየቧጠጠ፣ በእጅና በእግሩ እየዳኸ ወደ እኔ ሲወጣ አየሁ። ፊቱ አብጦ ዓይኑ አይታይም። ከወደቀበት ሆኖ በቅጠሉ መሀል ታቹን አይቶታል። ደረሰና እግሬን ያዘኝ።

«ጋሼ፣ መኪና ላይ እየጫኗቸው ነው።»

ሮጥኩ ልበል? አጭር እግሬ እንዳደረሰኝ ሄድኩ፤ ወደቅሁ፤ ተነሣሁ። ታች ስደርስ መንገዱ ዳር ጠመንጃ የያዙ አብዮት ጠባቂዎች ቆመዋል። ብስክሌቶቼ ግንድ ላይ በሥርዓት ተደግፈው ተደርድረዋል። አንድም አልተጎዳም። ሊቀመንበሩ እጄን ጨበጡኝ።

«ያለ አንድ ጥይት፣ ያለ አንድ የቤት ለቤት አሰሳ ኮታችንን ሞላን። ጓድ፣ ትልቅ ሥራ ነው የሠራኸው።»

«ስፖርተኛ… ጓድ ሊቀመንበር፣ ስፖርተኛ እኮ…» አልኩ።

«የለም አላልኩህም?» አሉኝ። እውነትም የገረማቸው ይመስላሉ።

መኪናው ሲንቀሳቀስ ሸራው ተገለጠና ሰይድን አየሁት። ከሌሎቹ መሀል ቆሞ እኔን ሲያይ ሊያወራኝ የፈለገው ብዙ ነገር እንዳለ ያስታውቃል። ምን ይበል? «የኋላ ፍሬኑ ላልቷል፤ ለልጅ እንዳትሰጠው!» ብሎ ጮኸልኝ። ከዚያ መኪናው ታጠፈ።

የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል ይላሉ። ግንቤ ሥር ከዚያ በኋላ ሰው አልቆመም። እናቶቹ ሲያልፉ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ያደርጋሉ፤ ሸጧቸዋል ተብሏል። አልሸጥኩም ብል ማን ይሰማኛል? አንድ ሰው ብቻ መጣ፤ ጋሼ ሸምሱ። ሙክት እየጎተቱ መጡ። ዙሪያቸውን ካዩ በኋላ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «አውቄ ነበር። ሳማው ላይ ሆን ብለህ እንዳስወደቅኸው አውቄ ነበር። አላህ ይስጥህ» አሉኝ። እንዲህ ያለ ነገር የለም ጋሼ አልኳቸው። ጠቀሱኝና ሙክቱን አስረውልኝ ሄዱ። በጉን መብላትም መመለስም አቅቶኝ ቀኑን ሙሉ ተያይተን ዋልን።

እትዬ ዘይነባ የመጡት ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው። ይረግሙኛል ብዬ ጠበቅሁ። «ልጄ ሲነዳ አይቼው አላውቅም። ቦታውን አሳየኝ» አሉ።

ከፊት ከፊት እየሄድኩ አወረድኳቸው። ሸርተት ይላልና እጄን ይያዙ ብላቸው አልያዙኝም። መንገዱ ላይ ጎማዎቹ ያሰመሩት መሥመር ገና አልጠፋም ነበር፤ እሳቸው በዳሩ በዳሩ እየረገጡ ይከተሉኛል። ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ስንደርስ የተደፈጠጠውን ሳማ አዩና ቆሙ።

«እዚህ ነው የሸምሱ ልጅ የወደቀው?»

«አዎ እትዬ።»

«እዚህ በመውደቁ ነው የቀረላቸው?»

«አዎ።»

ጎንበስ ብለው ሳማውን በእጃቸው ያዙት። ሊለበልባቸው እንደሚችል ልነግራቸው ስል ቀደሙኝ፤ አልለቀቁትምም።

«ሰይድስ እዚህ ይወድቅ ነበር?»

«መጀመሪያ ሰሞን ይወድቅ ነበር» አልኳቸው። «በኋላ መውደቁን አስተውኩት።»

ከታች ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች ድምፅ ይሰማል።

«ምነው ባላስተውከው» አሉ።

በቁጣ አልነበረም የተናገሩት።